ድልድዩ ላይ የቀረ ስም

ሰኞ ማለዳ ያገኘችው ልብስ ልታጥብ ወደ ጋርዶን ወንዝ የወረደች ሴት ናት። ከትልቁ ድልድይ ሥር፣ ውኃው በሸሸበት ነጭ ጠጠር ላይ፣ ባርናቤ ሉስቶ በጀርባው ተንጋሎ ዓይኖቹን ወደ ላይ እንደ ሰቀለ ሞቷል። ከበላዩ ሦስት ደርብ ቅስት፣ ከቅስቶቹ አናት ሮማውያን በዘመናቸው ውኃ ያስኬዱበት ቦይ፣ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ። ዕድሜው ሃያ ሦስት ነበር። በዚያችው ሰኞ ማታ ተደግሶለት፣ ስም ወጥቶለት፣ ሙሉ ድንጋይ ጠራቢ ሊባል ነበር።

ሃምሳ አለቃ ኤልዜያር ሩማጁ የጀመረውን ሾርባ ትቶ ሲደርስ ሟቹ የነበረበት ማኅበር ጠራቢዎች ቀድመውታል። ስድስት ሰባት የሚሆኑ ወንዶች ጠጠሩ ላይ ተንበርክከው ይጸልያሉ። አለቃቸው መምህር አንሰልም ዴልማስ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ከራስጌ ቆሟል፤ ጠጉሩ ነጭ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ በአገሩ የከበረ ሰው ነው።

«ማንም እንዳይነካው ብያቸዋለሁ» አለ ዴልማስ። «ወደ ላይም ማንም እንዳይወጣ። ሟች እስኪቀበር ጠራቢ እድልድዩ አናት ላይ አይወጣም፤ ወጋችን ነው።»

ሩማጁ ጎንበስ ብሎ የሟቹን እጆች አገላበጠ። መዳፎቹ አልተላጡም፤ ጥፍሮቹም አልተሰበሩም። ሲወድቅ ምንም ለመያዝ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። ጣቶቹ ላይ የድንጋይ ብናኝ አለ። ከሰደርያው ኪስ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱን አንድ ነገር ላይ ለጥፎ በእርሳስ አሽቶታል፤ ከጥቁሩ መካከል አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ በነጭ መስመር ወጥታለች። ሩማጁ አጥፎ ኪሱ ከተታት።

ያኔ ሩማጁ ወደ ድልድዩ አናት የላከው ፖሊስ ቀይ መቀነት አንጠልጥሎ ወረደ። «ከቦዩ አፍ ላይ ነው ያገኘሁት፤ ወደ ውስጥ አልገባሁም» አለ።

የማኅበሩ አጋፋሪ ካዚሚር ቴሲዬ መቀነቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ለእንግዳ ጠራቢ ሥራ የሚፈልግ፣ ሥርዓቱን የሚመራ እሱ ነው፤ የእያንዳንዱን ልጅ ዕቃ ያውቃል። «የሲፍሬን ነው» አለ፣ ሳይወድ በግድ።

የባርናቤን ባልንጀራ ሲፍሬን ሻራስን ከወይን ማሳ ውስጥ ጎትተው አመጡት። እጁ ተቧጭሯል፤ ሸሚዙ በአዲስ ወይን ጠጅ ተነክሯል። ቀትር ሳይሆን ከኒም ከተማ የዐቃቤ ሕጉ ቴሌግራም ደረሰ፤ «ገዳዩን በአሥር ሰዓቱ ጋሪ ላኩ። ወንዙ ከሞላ መንገዱ ይዘጋል» ይላል። ገዳዩ፣ ነው ያለው። ተጠርጣሪው አላለም። በዚያ በኒም ደግሞ አንገት መቁረጫው ብዙ አያስጠብቅም።

እንግዲህ ስለ ሩማጁ አንድ ነገር እወቁልኝ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ፌሬዮል የሚባል ከሰል አክሳይ እንዲህ ባለ ማስረጃ ይዞ ሰጠ። ሰውየው ባሕር ማዶ ወዳለው የእስረኞች ደሴት ተላከ፤ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። እውነተኛው ገዳይ በመጨረሻ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ተናዘዘ። ከዚያ ወዲህ የፌሬዮል ሚስት በየዓመቱ፣ ባሏ በተወሰደበት ቀን፣ ከሩማጁ ቤት ፊት ለፊት ትቆማለች። አትሳደብም፣ አታለቅስም፤ ትቆምና ትሄዳለች። ሩማጁ በዚያ ቀን እህል አይቀምስም። ሁለተኛ ሴት ከደጁ ብትቆም እንደማይችለው ያውቃል።

ስለዚህ ቴሌግራሙን ኪሱ ከቶ ወደ እስር ክፍሉ ገባ።

ሲፍሬን ጉልበቱን አቅፎ ግድግዳውን ተደግፏል። የቀረበለት ዳቦ እንዳለ ነው።

«ብላ» አለው ሩማጁ።

«ለሁለት ቀን ዕድሜ ምን ይሠራልኛል?»

«ብላና ንገረኝ። እሁድ ከባርናቤ ጋር ወጣችሁ። እሺ?»

«ወጣን። አብረን አገር ለአገር ስንዞር ሦስት ዓመታችን ነው፤ ሊዮን፣ ቱር፣ ቦርዶ። በአንድ ብርድ ልብስ ነው የተኛነው። ጠራቢ ሆኖ በዙረቱ ይህን ድልድይ ያላየ፣ ምልክቱን ያልተወበት፣ ሰው አይባልም። ባርናቤ ደግሞ የሚያየው ነገር ነበረው። አባቱ በ1859 እዚያ ቀርጿል፤ በትውልድ ከተማው በኦሎሮን ተሰይሞ ‹የኦሎሮን ደስታ› ይባል ነበር። ልጁ ሳይወለድ ነው የሞተው። ድንጋዩን ሲያገኘው ምን እንዳደረገ ያውቃሉ? ሳመው። እንደ ሰው ጉንጭ ሳመው።»

«ከዚያ?»

«ከዚያማ... ዕጩ ሰው በዋዜማው ኮምፓስና ስኳድራ፣ የማዕዘን መለኪያችንን፣ ይቀርጻል። ዓመቱን ይጽፋል። የስሙን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ስሙ በማግሥቱ ነዋ የሚወጣለት። እሱ ቁጭ ብሎ ይጠርባል፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። እኔን ለመጪው ዓመት ብለውኛል። ሆዴ አረረ። ‹አንተ የአለቃው ጫማ ጠራጊ› አልኩት። ተነሥቶ ያዘኝ፣ ያዝኩት። መቀነቴ እጁ ላይ ቀረ። ትቼው ወረድኩ። ወረድኩ መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምን ማለት ነው?»

ሲፍሬን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ወይን መጭመቂያው ቤት ገብቼ ጠጣሁ። ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ተመልሼ ወጥቼ ቢሆንስ? ከያዙኝ ጀምሮ ይህንኑ ነው የማስበው። እጄን አያለሁ፤ እጄ አይነግረኝም። ጌታዬ፣ እኔ ከገደልኩት ይቸኩሉልኝ። ካልገደልኩትም መጨረሻ የነገርኩት ያንን ስድብ ነው፤ ምን ይዤ እኖራለሁ?»

ሩማጁ ዳቦውን ወደ እሱ ገፋ አደረገ። «ባርናቤ ስም ሲወጣለት ምን ልባል ይል ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«ሌላ ምን ይላል? የአባቴን ስጡኝ እላለሁ ይል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም።»

ሩማጁ ለብቻው ወጣ። ከኮረብታው በኩል ያለው መንገድ ቀስ ብሎ ለሄደ ሰው አያስቸግርም፤ ቦዩ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ነፋሱ ቀሚስ እንደሚገልብ ባለጌ ካፖርቱን ያዘው። ከፍታ ይፈራል፤ በዚህ ዕድሜው የሚያፍርበት ነገር ስላልሆነ ግድግዳውን እየዳበሰ ሄደ። ግራና ቀኙ በጠራቢዎች ምልክት የተሞላ ነው፤ መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ የፈረስ ጫማ፣ መቶና ሁለት መቶ ዓመት የሞላቸው ስሞች። የ1859ኙን አገኘው። «የኦሎሮን ደስታ» ይላል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ አለች። ሩማጁ ወረቀቱን አውጥቶ አስተያየ። የወረቀቷ በመጠን ታንሳለች፤ እዚህ ድንጋይ ላይ የታሸች አይደለችም። የቀረጻቸው እጅ ግን አንድ ነው፤ የሁለቱም ቀንዶች በአንድ ዓይነት ወደ ግራ ያዘመሙ።

ከአባቱ አጠገብ ልጁ አለ፤ ፊት ለፊቱ የቦዩ ግድግዳ ፈርሶ ወደ ወንዙ ባዶ ነው። ባርናቤ ተቀምጦ ስለሠራ ሥራው ከወለሉ ብዙም አይርቅም፤ ኮምፓስ፣ ስኳድራ፣ 1884። ከሥሩ ክንድ የሚያህል ቦታ አለስልሶ፣ አዘጋጅቶ፣ ባዶ ትቶታል። ከኮምፓሱ በላይ ደግሞ፣ የቆመ ሰው ደረት በሚደርስበት፣ ባልተስተካከለው ድንጋይ ላይ፣ ገና ነጭ ብናኙ ያልተጠረገ ስም ተቀርጿል።

የኦሎሮን ጽናት።

ፊደሎቹ አልተንቀጠቀጡም። ሩማጁ ነፋሱን ረስቶ ቆመ። የለሰለሰው ቦታ ባዶ፤ ሻካራው ቦታ የተጻፈበት። ሰው ለራሱ አልጋ አንጥፎ ደጅ ያድራል?

የጠራቢዎቹ ማደሪያ ቤት መንደሩ መካከል ነው። ቤቱን የምትይዘው ኖኤሊ ትባላለች፤ ጠራቢዎቹ ሁሉ «እናታችን» ነው የሚሏት፣ ከእሷ የሚበልጠውም ሳይቀር። ሩማጁ ሲገባ የማታውን የበሬ ወጥ ከምድጃ አውርዳ፣ ክዳኑን እንደያዘች፣ የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ቆማለች።

«ለማን ነው የምሠራው? ንገረኝ እስቲ ኤልዜያር» አለች። «አንዱ ሞተ፣ አንዱን ልትገድሉት ነው። የቀሩት አይበሉም።»

«ተቀመጪ ኖኤሊ።»

«አልቀመጥም። ስቀመጥ አለቅሳለሁ።» ክዳኑን መልሳ ደፋችው። «ትናንት ጠዋት እዚህ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለውን የዴልማስን ሥራ፣ ያንን ትንሽ የድንጋይ ደረጃ፣ አቧራውን አራግፍልኝ ብዬው፣ እንደ ሕፃን አቀፈው፤ ገለበጠው። ከዚያ እንደ ሐውልት ደርቆ ቀረ። ‹ምነው ልጄ?› ብለው፣ ‹ምንም እናታችን፤ እርሳስ አለሽ?› አለኝ። እርሳስ! እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት እርሳስ ከየት አመጣለሁ? ስቀንበት። ሳቅን።» አንድ ሳህን አነሣች። «ስሙን እንኳ ሳይሰማ ሞተ።»

«ስሙን ማን ማን ያውቅ ነበር?»

«ሦስት ሰው ብቻ። ዴልማስ ያወጣዋል፣ ካዚሚር ይመሰክራል። ለእኔ በጆሮዬ ይነግሩኛል። ማታ ማዕድ ሲቀርብ እኔ ስጠራው ያን ጊዜ ባለቤቱ ይሰማዋል። ያኔ ይነሣና ‹ሥራዬን ይዤ መጥቻለሁ እናታችን› ይላል። ቅዳሜ ነው የነገሩኝ።»

«ምን ነበር?»

«ምያለሁ። ብትሰቅለኝም አልናገርም።»

«እንግዲያስ እኔ ልንገርሽ። የኦሎሮን ጽናት።»

ኖኤሊ ያነሣችው ሳህን ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። ስባሪውን አላየችውም፤ ሩማጁን ነው የምታየው። «ማን ነገረህ?»

«ድንጋይ ነገረኝ» አለ ሩማጁ። «በይ አሁን ተቀመጪ።»

ዴልማስን ከላይኛው ክፍሉ አገኘው። የግራ እግሩን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ በርጩማ ላይ ጭኖ፣ ዝናቡን በመስኮት ይመለከታል።

«ይህ ጉልበት ዝናብን ከቄሱ ቀድሞ ነው የሚያውቀው» አለ። «መወጣጫ ከድቶኝ ከወደቅሁ ዘጠኝ ዓመት። አይታጠፍልኝም። እግዚአብሔር ፊት እንኳ ቆሜ ነው የምጸልየው፤ ይቅር እንዲለኝ እለምነዋለሁ።»

«እሁድ ማታ የት ነበሩ መምህር?»

«እዚህ። ንድፍ እየሣልኩ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ንድፉ አለ» አለ ዴልማስ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «ምስኪን ሲፍሬን። ልጅ ነው። ጠጅ ነው የገደለው ብለው ቢጽፉለት ምናልባት ዳኞቹ ይራሩለት ይሆናል።»

ካዚሚር ቴሲዬን ደግሞ ከደጅ፣ ጎተራው ሥር፣ ዝናብ ተጠልሎ አገኘው። እሁድ ማታ የት እንደ ነበር ሲጠይቀው ካዚሚር ተቆጣ።

«ወንዝ ዳር ዓሣ ሳጠምድ ነበር። ብቻዬን። ምንም አልያዝኩም። ይኸው፣ አሁን ደግሞ ጻፈው፤ ገዳይ ባይሆንም ሰነፍ አጥማጅ ነው በል።»

«ሟች እስኪቀበር ጠራቢ እድልድዩ አናት ላይ አይወጣም የሚለው ወግ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ካዚሚር ግንባሩን ቋጠረ። «እኔም ዛሬ መስማቴ ነው። አጋፋሪው እኔ ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ሐዘን ያናገረው መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ በርትቶ መስኮቶቹን ይመታል። ጋሪው ከደጅ ቆሟል፤ ፈረሱ በብርድ ይርገፈገፋል፤ ነጂው በየደቂቃው አንገቱን አስግጎ «ወንዙ ተነሥቷል» ይላል። ሩማጁ ሁሉንም ከመብል ቤቱ ሰበሰባቸው። ኖኤሊ ከምድጃው አጠገብ፣ ዴልማስ እግሩን ዘርግቶ ከገበታው ራስ፣ ካዚሚር ከበሩ ዳር፣ ሌሎቹ ጠራቢዎች በሁለቱም አግዳሚ። ሲፍሬን እጁ በብረት ታስሮ መካከል ቆሟል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ከመደርደሪያው ላይ ዴልማስ በወጣትነቱ ሙያውን ያስመሰከረበት ሥራ አለ። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠመዘዝ፣ ክንድ የማይሞላ ደረጃ ነው። ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣ ነበር።

«ጊዜ የለኝም፤ ይህም ልጅ የለውም» አለ ሩማጁ። «ስለዚህ አቋርጣችሁ አትናገሩ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ዕጩ በዋዜማው ምን ይቀርጻል?»

«ኮምፓስ፣ ስኳድራ፣ ዓመቱን» አለ ካዚሚር።

«ስሙንስ?»

«የሌለውን ስም ከየት አምጥቶ?»

«ባርናቤ ሉስቶ ግን ከሥራው ጋር ስም ተቀርጾለታል። ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ። የኦሎሮን ጽናት ይላል።»

ካዚሚር ከተደገፈበት በር ተላቀቀ። ኖኤሊ ዓይኗን ጨፈነች። ሌሎቹ፣ ስሙን ገና መስማታቸው ነውና፣ እርስ በርስ ተያዩ።

«ልጁ ራሱ ቀርጾት ይሆን? ስሙን አያውቅም። ልገምት ቢል እንኳ የሚገምተው ሌላ ነበር፤ የአባቱን፣ የኦሎሮን ደስታን። ሲፍሬን ይሆን? ሲፍሬንም ዕጩ ነው፤ ያንን ስም የነገረው የለም። ሰክሮ ገፍቶታል ብትሉኝ እንኳ፣ ሰክሮ የማያውቀውን ስም፣ ያለ አንዲት ስሕተት፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይቀርጻል? ከሲፍሬን በኋላ ሌላ ሰው ወጥቷል። ስሙን የሚያውቅ፣ መሮ መያዝ የሚያውቅ ሰው።»

ሲፍሬን ቀስ ብሎ ቀና አለ። የሰማውን ያመነ አይመስልም።

«ስሙን የሚያውቁ ሦስት ናቸው። ኖኤሊ ፊደል አልቆጠረችም።»

«እንግዲያስ እኔና መምህር ቀረን» አለ ካዚሚር፤ ድምፁ ደረቀ። «እኔም ብቻዬን ነበርኩ ብዬሃለሁ። በል፣ ጨርሰው።»

«ልጨርሰው። አንተ ስም ብትቀርጽ ኖሮ ካዚሚር፣ ከኮምፓሱ በላይ ነው ወይስ በታች?»

«በታች እንጂ! ሰው ከሥራው በላይ አይቀመጥም። ይህን ማንም...» አለና አቆመ።

«ባርናቤም እንዲያ ብሎ ነው ከበታች ክንድ የሚያህል ቦታ አለስልሶ የተወው። ቦታው ዛሬም ባዶ ነው። እዚያ ለመቅረጽ መንበርከክ ወይም መቀመጥ ይጠይቃል፤ ከጉልበት በታች ነውና። የቀረጸው ሰው ግን ቆሞ ነው የቀረጸው፤ ከበላይ፣ ሻካራው ላይ፣ ደረቱ በሚደርስበት። ሕጉን ስለማያውቅ አይደለም። ስላልተቻለው ነው። ዛሬ ጠዋት ሁላችሁ ጠጠሩ ላይ ተንበርክካችሁ ነበር። ከአንድ ሰው በቀር።»

ማንም ወደ ገበታው ራስ ዞሮ ለማየት አልደፈረም።

«ያው ሰው ነው ወደ ላይ እንዳትወጡ ያልነበረ ወግ ያወጣላችሁ» አለ ሩማጁ። «ዝናብ መምጣቱን ጉልበቱ ነግሮታል። ብናኙ ታጥቦ ቢጠፋ፣ ስሙ አዲስ ይሁን አሮጌ ማን ይለየዋል?»

ዴልማስ አልተነቃነቀም። «ለምን ብዬ?» አለ፣ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ለምን ብዬ እገድለዋለሁ?»

ሩማጁ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ገበታው ላይ ዘረጋው። «ይህች ቀንድ አውጣ ከሟቹ ኪስ የወጣች ናት። ታላቅዋ እድልድዩ ላይ አለች፣ ከአባቱ ስም አጠገብ። ይህችኛዋን ልጁ ያገኛት እሁድ ጠዋት ነው፣ አንድ ነገር ገልብጦ። ካዚሚር፣ ሌላም ሰው ያግዝህና ያንን ደረጃ ገልብጡት።»

ሁለት ሰዎች የድንጋዩን ደረጃ አንሥተው በፎጣ ላይ በጎኑ አስተኙት። ካዚሚር ጎንበስ ብሎ አየ። ሲነሣ ዓይኑ ቀልቷል።

«አለች» አለ። «ቀንዷ ወደ ግራ ያዘመመ።» ከዚያ ወደ አለቃው ዞሮ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ፣ መምህር፣ ለዕጩ ሁሉ ይህን እያሳየሁ ‹እንደዚህ ሥሩ› አልኳቸው» አለ።

ዴልማስ የዘረጋውን እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ሲናገር ለሩማጁ ሳይሆን ለኖኤሊ ነበር፤ ልጅ ለእናቱ እንደሚናገር።

«አባቱ ሉስቶ መንገድ ላይ በንዳድ ሞተ፤ እዚሁ ክንዴ ላይ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ‹ይህን ደረጃ ለእሷ አድርስልኝ› አለኝ። ላደርስ ነበር እናታችን። ሊዮን ስደርስ የማኅበሩ አለቆች ‹የማን ሥራ ነው?› አሉኝ። አንድ ቃል ነው ያወጣሁት። ‹የእኔ› አልኩ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ የራሴ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኖቹም፣ ድልድዮቹም። ያቺ አንዲት ቃል ግን ከሁሉም ሥር ነበረች።»

«ልጁ ምን አለህ?» አለች ኖኤሊ።

«ሥራውን ላይለት ወጣሁ፤ ወረቀቷን አሳየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በቻልኩት። ‹ነገ በሁሉ ፊት የአባቴ ነው በልልኝና ስሙን ስጠኝ፤ ሌላ አልፈልግም› አለኝ። በሁሉ ፊት። እጄን ዘርግቼ ገፋሁት። አንዴ። መጮህ እንኳ አልጮኸም። ወደ ታች አየሁ። ከዚያ መሮውን ከወለሉ አየሁት። ያለ ስም እንዳይሄድ ብዬ ነው። የተዘጋጀው ቦታ ላይ ልጽፍለት ፈልጌ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

«ሲፍሬንስ?» አለ ሩማጁ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሟቹ ላይ እጅህን አንዴ ነው የዘረጋኸው። ይህን ግን ከጠዋት ጀምሮ ስትገፋው ነው የዋልከው። ለዚህስ ምን ልትቀርጽለት ነበር?»

ዴልማስ ሲፍሬን ጋ ዓይኑ ሲደርስ ፊቱን አዞረ።

ሩማጁ ብረቱን ከሲፍሬን እጅ ፈታ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተ፤ በዚያች ደቂቃ የፌሬዮልን አንጓ ነበር የሚያየው። በሕይወት ያለን ሰው መፍታት ይህን ያህል ይከብዳል ብሎ አላሰበም። ሲፍሬን የተፈታ አልመሰለውም፤ እጆቹን አጣምሮ እንደታሰረ ሰው ቆመ።

«አልገደልኩትም?» አለ።

«አልገደልከውም ልጄ።»

«ስድቡንስ?»

«እሱን ተሸክመህ ትኖራለህ» አለ ሩማጁ። «ሁላችንም አንዳንድ ተሸክመናል። ተቀመጥና ብላ።»

ዴልማስን ካዚሚር ደግፎ እስከ ጋሪው አደረሰው፤ ጋሪው ላይ ሲወጣ ያ እግር አልታጠፍ ብሎ ሁለት ሰው አነሣው። አንድም ሰው አልሰደበውም። ነጂው «ቶሎ በሉ፣ ውኃው ከመንገዱ ደርሷል» ይላል። ሩማጁ ከአጠገቡ ሊሳፈር የካፖርቱን አንገት ሲያነሣ ከቤት ውስጥ የሳህን ድምፅ ሰማና ወደ በሩ ተመለሰ።

ኖኤሊ የማታውን ማዕድ አቅርባለች፤ ጊዜው ገና ነው፣ ድግሱም ፈርሷል፣ እሷ ግን ዳቦውን ቆርሳ፣ ወጡን በየሳህኑ ጨልፋ፣ ለአንድ ሰው ባዶ ቦታ ትታለች። ከባዶው ቦታ ፊት ያንን የድንጋይ ደረጃ አስቀምጣዋለች፤ ማን እንዳነሣላት አይታወቅም። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቀና አለች። ቅዳሜ በጆሮዋ የነገሯትን ስም አልጠራችም።

«የኦሎሮን ደስታ!» አለች።

የሚመልስ አልነበረም። ጠራቢዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ሁለተኛ መጥራት በሥርዓቱ የለም፤ ኖኤሊ ግን ልትደግመው አፏን ስትከፍት፣ ከአግዳሚው ጫፍ ሲፍሬን ተነሣ። የብረቱ ሰንበር አንጓው ላይ ገና ቀይ ነው። መዳፉን ደረጃው ላይ አሳረፈ።

«ሥራውን ይዞ መጥቷል እናታችን» አለ።